ለቡ አስናቀች ኃይል

ከሁሉ አስቀድሜ ጠንቃቃ ሰው መሆኔን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። ቀጥሎ የምነግራችሁን ስትሰሙ «ይቺ ልጅ ዝርክርክ ናት» ብላችሁ እንዳትደመድሙ ነው። ከቤት ስወጣ በሩን መቆለፌን ሦስት ጊዜ አረጋግጣለሁ፤ ሁለቴ በእጄ፣ አንዴ ደግሞ ታክሲ ተራ ደርሼ በሐሳቤ። ሥራዬም ጥንቃቄ ነው። ዩኒቨርሲቲ አማርኛ አጥንቼ አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤዎች ከመውጣታቸው በፊት አነባለሁ። «በትሕትና እንጠይቃለን» የሚለው «በትሕትና እንጠየቃለን» ሆኖ እንዳይወጣ ዘብ የምቆመው እኔ ነኝ።

በዚያ ላይ ዓይን አፋር ነኝ። ይሄም ለታሪኩ ያስፈልጋል። ምን ያህል ዓይን አፋር እንደሆንኩ ለማወቅ የታክሲውን ነገር ብነግራችሁ ይበቃል። የምንኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። ከሥራ ስመለስ «ወራጅ አለ!» ለማለት ከሁለት ፌርማታ በፊት ጀምሬ እዘጋጃለሁ። ምራቄን እውጣለሁ፣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ ቃሉን ስለው ግን ከእኔና አጠገቤ ከተቀመጠው ሰው በስተቀር የሚሰማው የለም። ስለዚህ ሌላ ደፋር ወራጅ እስኪገኝ አብሬ እሄዳለሁ። ከኛ ሰፈር አልፋ ያለችውን ፉሪን በደንብ የማውቃት ዘመድ ኖሮኝ አይደለም። ወደ ኋላ በእግሬ ስመለስ ነው።

እንዲህ የሆንኩትን ሰው በሠላሳ ሰው ፊት አስነስቶ ያናገረኝ የአባቴ ልቦለድ ነው።

አባቴ ኢንጂነር ነው። ነበር ልበል? ጡረታ ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ሰፈሩ ግን አሁንም «ኢንጂነር!» ብሎ ነው የሚጠራው፤ እሱም ዞር ይላል። ዕድሜውን በሙሉ በየትንንሹ ከተማ የመብራት መስመር ሲዘረጋ ኖሯል። ልጅ ሆኜ መካኒሳ ስንኖር ከመስክ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አቧራ፣ የመኪና ዘይት፣ ደግሞ የእንጨት ምሰሶ እንዳይበሰብስ የሚቀባው ጥቁር ቅባት። ሌሎች ልጆች የአባታቸውን ሽቶ ያስታውሳሉ። እኔ መንገድ በሚሠራበት ሰፈር ሳልፍ ሬንጁ ሲሸተኝ ልቤ «አባዬ መጣ» ይለኛል። ዛሬም ዞር ብዬ አያለሁ።

አባታችሁ የመብራት ኢንጂነር ከሆነ ሰፈር ውስጥ ዕረፍት የላችሁም። መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤት በሙሉ በራችን ላይ ነው። «ኢንጂነር፣ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉታል፤ አልጋ ሥር የደበቀው ይመስል። አባቴም መልስ አያጣም። ሰማዩን አየት፣ መንገድ ዳር ያለውን ምሰሶ አየት ያደርግና «ግማሽ ሰዓት» ይላል። ሁለት ሰዓት ሲያልፍ «ግምት ነው እኮ ያልኳችሁ» ይላል።

እኔ ግን መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ ታሪክ የሚያወራው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበራ! መብራት ካለ ወይ የሰው ራዲዮ ይጠግናል፣ ወይ ጠረጴዛው ላይ ንድፍ ዘርግቶ ያቀረቅራል። ሲጠፋ የሚሠራው ያጣል። አንድ ሻማ ይለኮሳል፣ እኔ ጭኑ ላይ እወጣለሁ፣ እሱ ይጀምራል። አንድ ቀን ምሰሶ ጫፍ ላይ ጎጆውን ስለሠራ ንስር ነበር። ሠራተኞቹ ሽቦ ሊሰቅሉ ሲወጡ ንስሩ አላስወጣም ይላል። እነሱ በመሰላል፣ እሱ በክንፉ። ልክ አባቴ ራሱ መሰላሉን ይዞ መውጣት ሲጀምር መብራት መጣ። የሰፈሩ ልጆች እንደ ወትሯቸው በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ጮኹ፤ አባቴም ሻማውን እፍ አለና ወደ ንድፉ ተመለሰ።

«ከዚያስ አባዬ?»

«ሌላ ጊዜ ሲጠፋ።»

ሌላ ጊዜ ሲጠፋ ደግሞ ወንዝ ውስጥ ስለገባ የትራንስፎርመር መኪና ጀመረ። እሱም ወንዙ ውስጥ እንዳለ መብራት መጣ። በዚህ ምክንያት አባቴ ከነገረኝ ታሪኮች ሁሉ መጨረሻውን የማውቀው አንድም የለም። መኪናው እስካሁን ወንዝ ውስጥ ነው። ንስሩም እስካሁን ምሰሶው ጫፍ ላይ ነው።

እንግዲህ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ቁርስ ላይ «ልቦለድ ልጽፍ ነው» አለ። እናቴ «መጀመሪያ የሻወሩን ቧንቧ ጠግን» አለችው። እኔ ግን በሆዴ «ንስሩ ሊወርድ ነው» አልኩ።

አባቴ ልቦለድ የሚጽፈው ንድፍ እንደሚያወጣ ነው። በካሬ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ፣ ማስመሪያ አስደግፎ። ምዕራፍ አንድ «የምዕራፉ ዓላማ» በሚል ነበር የሚጀምረው። በስንት ልመና አስወጣሁት። ታሪኩ የሚፈጸምባት ከተማ «ከተማ ለ» ትባላለች።

«ከተማ ሀስ?» አልኩት።

«ገና አልተጻፈችም። ቦታ ይያዝላት።»

ባለታሪኩ ወጣት ኢንጂነር ነው። ስም የለውም፤ «ኢንጂነሩ» ነው የሚባለው። ወደ ከተማ ለ መብራት ሊያስገባ ይሄድና መብራት የምትባል አስተማሪ ይወዳል። ከእሷ ጋር መጀመሪያ የሚገናኙበት ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከእርሷ በአንድ ሜትር ከሃያ ርቀት ላይ ተቀመጠ። ልቡ ከመደበኛው በእጥፍ ያህል መታ።»

«አባዬ፣ ርቀቱ የግድ ያስፈልጋል?»

«አንባቢው ርቀቱን ካላወቀ በምን ይፈራል? ከዚያ ከቀረበ እኮ አደጋ አለ!»

ልከራከረው ብዬ ተውኩት። ከሁለት ቀን በኋላ መልሼ ሳነበው እውነቱን ነው። ያቺ አንድ ሜትር ከሃያ ታስጨንቃለች።

የሚገርመው ግን የእያንዳንዱ ገጽ ቀኝ ግርጌ ነው። የኢንጂነር ንድፍ አይታችሁ ከሆነ ጥጉ ላይ ትንሽ ሰንጠረዥ አለች፤ ማን እንዳዘጋጀው፣ ማን እንደፈተሸው፣ ማን እንዳጸደቀው ይፈረምባታል። አባቴ ያቺን ሰንጠረዥ ልቦለዱ ላይም አስገባት። «ያዘጋጀው» የሚለው ላይ የራሱን ስም ጻፈ። «የፈተሸው» የሚለው ላይ የኔን፤ ከካሬ ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር የምገለብጠውም ፊደል የማርመውም እኔ ነኝና። «ያጸደቀው» የሚለው ላይ ደግሞ የእናቴን ስም አስገባ። አስናቀች። ደስ ያሰኛት መስሎታል። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ በአስተማሪነት ደብተር ያረመች ሴት ናት። ለማጽደቅ አትቸኩልም።

ሰፈራችን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በዕድሩ አዳራሽ የሚሰበሰብ የጡረተኞች የንባብ ማኅበር አለ። ሻይ ይጠጣል፣ አንድ ሰው የጻፈውን ወይም የወደደውን ያነባል፣ ከዚያ ስለ ደም ግፊት ይወራል። ተራው የአባቴ ሆነ። ያን ሳምንት አባቴ ጠፍቶ የማያውቀው የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ። ሐሙስ ዕለት ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠኝና እንዲህ አለኝ፦

«ምሰሶ ስታቆሚ ሽቦ ከመስቀልሽ በፊት በትከሻሽ ገፋ አድርገሽ ታይዋለሽ። ከተነቃነቀ ትነቅይዋለሽ። ቅዳሜም የማደርገው እሱን ነው። ሰዉ ከሳቀብኝ እነቅለዋለሁ። ሁለተኛ ብዕር አልነካም።»

እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናቴ ልታጸድቅ የወሰደችውን ወረቀት ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣች። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነበር።

«ኢንጂነር!»

እናቴ አባቴን «ኢንጂነር» ካለችው ነገር አለ።

«አቤት።»

«ይቺ መብራት ማን ናት?»

«የልቦለዱ ገጸ ባሕርይ ናታ።»

«እሱንማ አነበብኩ። ማን ናት ነው የምልህ።»

«ማንም አይደለችም፣ አስኒ። ተምሳሌት ናት። ብርሃን... ዕውቀት... እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር።»

«ተምሳሌቷ ሆቴል ቤት እንቁላል ትጠብስልህ ነበር።»

አባቴ እርሳሱን መቅረጽ ጀመረ። ረስቶ ይሁን አስታውሶ እስካሁን አላወቅኩም። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«የባለሆቴሉ ልጅ ናት። መብራት። ለእኛ ለአስተማሪዎቹ ሽሮ፣ ለኢንጂነሮቹ እንቁላል።»

«ያኔ እኮ አንቺን ገና በደንብ አላውቅሽም ነበር!» አለ አባቴ።

«ይኸውልሽ፤ አመነ» አለችኝ እናቴ። «አላጸድቅም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ሰንጠረዧን አየ፣ የጓዳውን በር አየ። ሳይጸደቅ ደግሞ ለሕዝብ አይቀርብም፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው። ትንሽ አሰበና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጓዳ ድረስ እንዲሰማ፣ «ልጄ፣ ስሟን ቀይሪው። አስናቀች ትባል» አለኝ።

ጓዳ ውስጥ የነበረው የሳህን ኳኳታ ቆመ።

«የኔ ስም ልቦለድ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለች እናቴ ከውስጥ። ድምፅዋ ግን እምቢ የሚል አልነበረም። «ነገ አዳራሽ ውስጥ ሰምቼ እወስናለሁ።»

ይሄኔ መብራት ጠፋ። እውነቴን ነው። አባቴ ከልማዱ የተነሣ ወደ መስኮቱ ሄዶ ምሰሶውን አየና «ግማሽ ሰዓት» አለ። እሱን ማመን የተውኩት መካኒሳ እያለን ነው። የላፕቶፔ ባትሪ ስድስት በመቶ ላይ ነበር። ገጽ በገጽ እየፈለግኩ የምቀይርበት ጊዜ አልነበረኝም። ጽሑፍ በምታዘጋጁበት ኮምፒውተር ውስጥ «ሁሉንም ተካ» የምትል ትእዛዝ አለች፤ ታውቋታላችሁ። በላይኛው ክፍት ቦታ «መብራት» ብዬ ጻፍኩ፤ በታችኛው «አስናቀች»። ተጫንኳት።

«መቶ ሰማንያ ሰባት ቦታ ተተክቷል» አለኝ።

አንድ ጠንቃቃ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ «ይቺ ልጅ ከምዕራፍ ሦስት በፊት የማትገባ፣ በዚያ ላይ ዝምተኛ፣ መቶ ሰማንያ ሰባት ጊዜ ምን ልትሠራ ተጠራች?» ይል ነበር። እኔ ያልኩት «ተመስገን» ነው። ባትሪው ሳይሞት በፍላሽ ገልብጬ ጄኔሬተር ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጥኩ። አሥር ቅጂ ታተመ፣ ተጠረዘ። በነጋታው ጠዋት ቁጭ ብዬ በየቅጂው፣ በየገጹ፣ «የፈተሸው» በሚለው ላይ ፈረምኩ። ፊርማዬ ያምር ነበር።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት። አዳራሹ ሞልቷል። እናቴ ከፊት ወንበር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን አብረዋት ከሚዘምሩት ሴቶች ሦስቱን አስከትላ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣለች። ከሷ ኋላ ጋሽ ንጉሤ አሉ። ጋሽ ንጉሤ ከአባቴ ጋር ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ የመስመር ሠራተኛ ናቸው፤ አባቴ የነደፈውን ሁሉ ምሰሶ ላይ ወጥተው የሰቀሉት እሳቸው ናቸው። በሥራ ዘመናቸው አባቴን «አንቱ» ይሉት ነበር። ጡረታ በወጡ ማግስት ወደ «አንተ» አወረዱት። እንደ ልብ መሣቅም የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

ከአሥሩ ቅጂ አንዱ ደረሳቸው። ሽፋኑን ራቅ አድርገው ያዙና አነበቡ።

«ኢንጂነር! አድራሻህ "ለቡ አስናቀች ኃይል" ይላል። ሰፈሩ መቼ ነው ለሚስትህ የተሰየመው?»

ሰዉ ሣቀ፤ የወዳጅ ሣቅ። አባቴም ጋሽ ንጉሤ የቀለዱ መስሎት ፈገግ አለ። እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ኮምፒውተሩ የነገረኝ ቁጥር ትዝ አለኝ። መቶ ሰማንያ ሰባት።

አባቴ ማንበብ ጀመረ። 

«ከተማ ለ እስከዚያ ዘመን ድረስ አስናቀች አልነበራትም።»

ቆም አለ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከዚያ፣ ይህን እስክሞት አልረሳውም፣ ወደ ገጹ ቀኝ ግርጌ ወረደ። ፊርማዬን አየ። አባቴ በሕይወቱ የተፈተሸን ነገር አምኖ የኖረ ሰው ነው። ራሱን ነቀነቀና ቀጠለ።

«ነዋሪው አስናቀች እንዲገባለት ለብዙ ዓመታት ሲያመለክት ኖሯል። በመጨረሻ አስናቀች ከሩቅ ከተማ በወፍራም ሽቦ ተስቦ መጣ።»

ከዘማሪዎቹ አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ኢንጂነር፣ አስናቀች ወንድ ናት እንዴ?» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

«አታቋርጠኝ፣ ንጉሤ። በመጀመሪያው ሳምንት አስናቀች በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋ ነበር። ሲጠፋ ነዋሪው ያጉረመርማል። ሲመለስ ያጨበጭባል።»

እናቴን ከጀርባዋ ነበር የማያት። አንገቷ ቀጥ ብሏል፤ እንደ ምሰሶ። አባቴ ግን ያነባል፤ ፊርማ አለበታ!

«ኢንጂነሩም ነዋሪውን ሰብስቦ አስናቀችን በእርጥብ እጅ መንካት ለሞት እንደሚያደርስ አስጠነቀቀ።»

«እሱስ እውነት ነው!» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

አዳራሹ ፈረሰ። ሻይ የተደፋበት አለ። ደም ግፊት ያለባቸው ሽማግሌዎች ደረታቸውን ይዘው ይሥቃሉ። ዘማሪዎቹ እርስ በርስ ተደግፈው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አባቴ መነጽሩን አወለቀ። የሚሥቁትን ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው፤ ልክ ገፋ አድርጎ ያየው ምሰሶ እንደተነቃነቀበት ሰው። ከዚያ ወረቀቱን ዘጋ። በቀስታ። ሲዘጋው ሐሙስ ዕለት ያለኝ ነገር ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ሊነቅለው ነው።

ተነሣሁ። «ስህተቱ የኔ ነው» ልል ነበር። አፌን ስከፍት ግን ዕድሜ ልኬን ጉሮሮዬ ላይ ተዘጋጅቶ የኖረው ቃል ቀደመኝ።

«ወራጅ አለ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ፉሪ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሣቁ በሙሉ ከአባቴ ላይ ተነሥቶ ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ንጉሤ «በሩ ክፍት ነው፣ ውረጂ ልጄ!» አሉኝ። አልወረድኩም። ሁሉንም ተናገርኩ። የባትሪውን፣ የስም ለውጡን፣ «ሁሉንም ተካ» ያልኩትን። ልጅቷን ብቻ ልቀይር ብዬ በከተማ ለ ያለውን መብራት ሁሉ አስናቀች እንዳደረግኩት። «መብራቱ» የሚለው ብቻ በ«ቱ» ስለሚያልቅ እንደተረፈ። አባቴ ምንም ጥፋት እንደሌለበት። የፈተሽኩት እኔ እንደሆንኩ።

ማንም አልሣቀም። አባቴ ግን የተዘጋውን ወረቀት እንደያዘ ነው።

«ለማንኛውም አመሰግናለሁ» አለ። «ሞክረን አይተነዋል። ይበቃል።»

«ቀጥል» አለች እናቴ።

«አስኒ፣ ተሣቀብኝ እኮ።»

«በኔ ነው የተሣቀው። በሽቦ የተሳብኩት እኔ ነኝ። እኔ ከቻልኩት አንተ ምን ሆንክ? አንብብ።»

«እያረምኩ ላንብበው?»

«ያለውን አንብብ።»

አባቴ መነጽሩን አደረገ። ገለጠ። አሁን ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ያኔ መካኒሳ፣ በሻማ፣ እኔን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚያወራበት ድምፅ።

«አስናቀች የመጣ ዕለት ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጣ። አንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን ወደ አምፖሉ ዘርግተው ሙቀቱን ጠበቁ። ልጆች የራሳቸውን ጥላ አባረሩ። ኢንጂነሩ ምሰሶው ሥር ቆሞ ነበር። ሥራው አልቋል። ጠዋት መኪና ይመጣለታል። እስከዚያች ምሽት ድረስ ግን ሽቦና እንጨት እንጂ በዚያች ከተማ ማን እንደሚኖር አላየም ነበር። አሁን አየ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሥራ ጉድለት እንዲገኝበት ተመኘ።»

 ያው ስህተት ነው፤ ያው ስም፣ ያው ቦታ። ግን የሚሥቅ አልነበረም። እናቴ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ታሽከረክራለች።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አሉ ጋሽ ንጉሤ ብድግ ብለው። «ያኔ ነው እንዴ "መስመሩ ገና ፍተሻ ይቀረዋል" ብለህ ሦስት ወር ያስቀመጥከን?»

አባቴ ጣራውን አየ።

«የምን መስመር! በየሳምንቱ የሚፈተሸው የአስተማሪዎቹ ቤት አንድ አምፖል ነበር! መሰላሉን እኔ ነኝ የተሸከምኩት! ሚስቴ አዲስ አበባ ልትወልድ ደርሳ፣ እኔ አምፖል እፈትሻለሁ!»

«አምፖሉ ችግር ነበረበት» አለ አባቴ በቁጣ። «በየሳምንቱ ይጠፋ ነበር። ሽቦውን ቀየርኩ፣ ማቀፊያውን ቀየርኩ። ምክንያቱ ሊገኝ አልቻለም። ሪፖርት ጽፌበታለሁ!»

«አምፖሉማ ደህና ነበር» አለች እናቴ።

አጠገቧ ላለችው ዘማሪ ልትነግራት ነበር እንጂ ለአዳራሹ አልነበረም። ግን ሰዉ ዝም ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

«እንዴት ደህና?» አለ አባቴ።

እናቴ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች።

«እኔ ነበርኩ የማላላው።»

አባቴን በዚህ ሁሉ ዘመን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አንድ እጁ ወረቀቱን እንደያዘ፣ ሌላው አየር ላይ የማይታይ አምፖል እያጠበቀ። ከመሬት በታች የተቀበረ ሽቦ በድንገት ቦታው እንደተገኘለት ሰው «ኧረ አስናቀች!» አለ። ጋሽ ንጉሤ ወንበራቸው ላይ ተዘርግተው «ልጄ ስትወለድ አልነበርኩም! በአንድ አምፖል!» እያሉ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ያን ዕለት ስለ ደም ግፊት ሳይወራ ቀረ። ሰዉ «ከዚያስ? ከዚያስ ኢንጂነር?» እያለ ሦስተኛውንም ምዕራፍ አስነበበው።

ጋሽ ንጉሤ ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ «አስናቀች ኃይል ወራጅ!» ነው የሚሉት። ረዳቶቹ ለምደውታል። እኔ ድምፄ እንደገና ጠፍቷል፤ ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለቴ ፉሪ ደርሻለሁ።

ያን ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ የሻይ ማፍያው እንኳን ሳይቀር በመብራት እየሠራ የነበረ ቢሆንም ቤት ስንደርስ በኛ በኩል ጠፍቷል። አባቴ ወደ መስኮቱ አልሄደም፤ ግምትም አልሰጠም። ሻማ ለኮሰና ጠረጴዛው ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ተቀመጠ። እኔ አጠገቡ፣ እናቴ ከማዶ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «አስናቀች» የሚለውን እየሰረዘ በላዩ «መብራት» ይጽፋል። ሴቲቱ ጋ ሲደርስ ስሟን ሳይነካ ያልፋል። በሽቦ የተሳበውን አረመ። በእርጥብ እጅ የሚነካውን አረመ። አንዱን ገጽ ሲገልጥ ግን እጁ ቆመ። «አስናቀች የመጣ ዕለት ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጣ።»

«ይሄኛውም ስህተት ነው፣ አባዬ» አልኩት። «እሱም "መብራት" ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ስሙን አልሰረዘም። እስክሪብቶውን «የመጣ» ከሚለው ቃል ጎን አሳረፈና አንዲት «ች» ጨመረ። ወረቀቱን ገፋ አድርጎ ወደ ማዶ አዞረው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ወደ ሻማው አስጠግታ፣ እንደ ተማሪ ደብተር ሁለቴ አነበበችው። እጇን ዘረጋች። አባቴ እስክሪብቶውን ሰጣት። «ያጸደቀው» በሚለው ላይ ፈረመች።

«ሽቦውን እንኳ ቀየርኩ እኮ» አለ አባቴ።

«አየሁህ» አለች እናቴ።

ይሄኔ መብራት መጣ። ውጭ የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ጮኹ። እኔ ከልጅነት ልማዴ የተነሣ ሻማውን እፍ እስኪል ጠበቅኩ። አባቴ ግን ከወረቀቱ ቀና አላለም። «መጣች» ብሎ አረማቸው፣ ለራሱ ያህል፤ ሻማውም ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አለፈ።